መተማ ላይ ያለ ልጅ የማን ነው?

ገንዳ ውሃ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ማለዳ ላይ አንድ ጨቅላ ተጥሎ ተገኘ እንበል። እናቱ አትታወቅም፣ አባቱም አይታወቅም። የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ ልጅ ያለው መልስ አጭርና ቸር ነው። የዜግነት አዋጁ ቁጥር 378/1996 በአንቀጽ 3 ላይ፣ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን የውጭ ዜግነት እንዳለው ካልተረጋገጠ በቀር ከኢትዮጵያዊ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል። ማስረጃ አምጣ የሚለው የለም። የሚጠራጠር ካለ ማስረጃውን እሱ ያምጣ።

አሁን ሌላ ልጅ እናስብ። ይኼኛው እናት አለችው። ደምቢያ ተወልዳ ያደገች፣ ድንበሩን ወደ ሱዳኗ ገላባት ተሻግራ ሻይ እየሸጠች የኖረች፣ እዚያው ከአንድ ሱዳናዊ የወለደች ሴት ናት። የትንሣኤ ዋዜማ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። አባትየው ወዴት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቀረ፤ እሷም ልጇን አዝላ ድልድዩን ተሻገረችና መተማ ዮሐንስ ገባች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ስለሚል የልጁ ጉዳይ ገና ሲወለድ ያለቀ ነው። ቀበሌ ስትደርስ ግን ጥያቄው ይጀምራል። መታወቂያሽስ? መሸኛ ከየት አመጣሽ? ልጁ የተወለደው ውጭ ከሆነ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ለምን አላስመዘገብሽውም? አባቱ ማን ነው፣ የት አለ?

ወላጅ የሌለውን ልጅ ሕግ አመነው። እናቱ ጀርባ ላይ ያለውን ግን አሠራሩ ተጠራጠረው። ይህ የአንድ ጸሐፊ ክፋት ወይም ስንፍና ቢሆን ኖሮ በተግሣጽ ይታረም ነበር። ነገሩ ግን ዜግነት ከየት እንደሚመጣ ካለን የተምታታ ሐሳብ የሚነሣ ይመስለኛል። ወረቀቱ ዜግነትን ይሰጣል ወይስ ይመሰክርለታል?

በሕጋችን መልሱ አያሻማም፤ ዜግነት ከወላጅ ይመጣል፣ ወረቀቱ ምስክር ነው። የ1922ቱ የዜግነት ሕግም መሠረቱ ይኸው ነበር። እንግዲያው ምስክር የጠፋበት እውነት ምን ይሆናል? እውነትነቱን አያጣም። ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤትና ፓስፖርት መስኮት ላይ ግን አቅም ያጣል። ሐና አረንት፣ እሷም ከናዚ ጀርመን ሸሽታ ለዓመታት አገር አልባ ሆና የኖረች፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመችው መጽሐፍ አገር አልባው የሚያጣው ይህን ወይም ያንን መብት ብቻ ሳይሆን ቃሉ የሚሰማበትን ስፍራ እንደሆነ ተከራክራለች። መተማ ያለችው እናት የደረሰባት ይህ ነው። «ልጄ ነው» ማለቷ ብቻውን ከምንም አልተቆጠረላትም።

አገራችን ለረጅም ዘመን ያለ መዝገብ ኖራለች፤ ያለ ምስክር ግን አልኖረችም። «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል መንደሩ ይመልስ ነበር። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ ካህኑም፣ የክርስትና አባቱም፣ ጎረቤቱም ምስክር ናቸው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በሰፊው ደንግጎ ሲያበቃ፣ መጨረሻው አካባቢ በቁጥር 3361 ተግባራዊነቱን ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ አቆየው። ያ ቆይታ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጀ። የልደትና የሌሎች ወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በመላ አገሪቱ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። በዚያው ዓመት የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ልደታቸው የተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል።

የመንደር ምስክርነት የሚሠራው ሰውና ምስክሩ አብረው ሲኖሩ ነው። ምዕራብ ጎንደር ቆላ ላይ ይህ አይገኝም። በ1995ና በ1996 በሠፈራ ከደጋ የመጣው፣ በየክረምቱ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው፣ ድንበር እየተሻገረ የሚነግደው ሁሉ ምስክሩን የተወው ትውልድ መንደሩ ነው። ሦስት ምስክር አምጪ የተባለች ሴት የሚያውቋት ሰዎች ደምቢያ ናቸው።

የልደት ምዝገባ ትልቁ ቁም ነገር ጊዜው ላይ ነው። ሕጉ በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ ሲል፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ ማንም በውሸት የሚጠቀምበት ጊዜ ሳይደርስ ምስክሩ ይሰማ ማለቱ ነው። የአንድ ወር አራስ ቤት የገባች አዋላጅ ስለ ቀኑና ስለ እናቲቱ የምትዋሽበት ምክንያት የላትም። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ፓስፖርት ሲጠይቅ ግን ስለ ልደቱ የሚነገር ቃል ሁሉ ጥቅም የነካው ይሆናል፤ እውነተኛውም ከሐሰተኛው ጋር አብሮ ይጠረጠራል።

በምዝገባ ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ ከራሳችን ታሪክ ይመጣል። ከሰኔ 1990 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ወደ ኤርትራ የተባረሩት 75 ሺህ ያህል ሰዎች ወረቀት አጥተው አልነበረም። ብዙዎቹ የቀበሌ መታወቂያም የኢትዮጵያ ፓስፖርትም ነበራቸው። ይባስ ብሎ በሚያዝያ 1985ቱ የኤርትራ ነፃነት ሪፈረንደም ለመምረጥ የተመዘገቡበት ሰነድ የሌላ አገር ዜጎች ለመሆናቸው ማስረጃ ተደረገባቸው። ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይገፈፍም የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 በሥራ ላይ ከዋለ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር። በታኅሣሥ 1997 የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሳ ጥያቄ ኮሚሽን ዜግነታቸውን ከተገፈፉት የከፊሎቹን መገፈፍ ሕገ ወጥ ብሎታል፤ ቤት ንብረቱን ጥሎ ለሄደው ግን ዘግይቷል። እንግዲህ ወረቀት፣ ጨክኖ የተነሣን መንግሥት አያስቆምም። ይህን ሳልሸፋፍን እቀበላለሁ። ግን ልዩነቱን ልብ እንበል፤ ያ ሰነድ ምርጫን የሚያሳይ ስለነበር ታማኝነትን ከውስጡ ማንበብ ተቻለ። መወለድ ምርጫ አይደለም። ከልደት መዝገብ የማንንም ልብ ማንበብ አይቻልም።

ድንበር ጠባቂው የሚያነሣው ስጋትም ተራ አይደለም። መተማ የሰው አዘዋዋሪዎች መንገድ ነው፤ ያልሆነውን ነኝ የሚል ይመጣል። ነገር ግን ልደትን መመዝገብ ዜግነትን መስጠት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1049/2009 ስደተኞችም ወሳኝ ኩነታቸው እንዲመዘገብ ስለፈቀደ፣ በስደተኞች መጠለያ የተወለደ የሱዳናዊት ልጅም የልደት ምስክር ወረቀት የማግኘት መብት አለው። በዚህ ወረቀት ላይ የልጁ፣ የእናትና የአባት ዜግነት የሚጻፍባቸው ቦታዎች አሉ፤ የክብር መዝገብ ሹሙ እስክሪብቶ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። እነዚያ መስመሮች ካጨቃጨቁ ይቆዩ። ስሙ፣ ቀኑ፣ የተወለደበት ቦታና እናቱ ግን በዚያው ዕለት ይጻፉ። ዜግነቱ ነገ ክርክር ቢነሣበት እንኳ መነሻ የሚሆን ነገር ተገኘ ማለት ነው። በ2015 በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ የሚመራው የፋይዳ መታወቂያም ይህን አይተካም፤ ሰውየው ራሱ መሆኑን እንጂ የየት አገር ዜጋ መሆኑን አይናገርም።

ሳይመዘገቡ የቀሩ ልጆች ወልደው አያት ሲሆኑ ምን እንደሚመጣ ኬንያ አይታዋለች። እንግሊዞች ከሱዳን ወታደር አድርገው ያመጧቸው የኑቢያውያን የልጅ ልጆች ናይሮቢ ተወልደው ዜግነት ሲለምኑ ኖሩ፤ የአፍሪካ የሕፃናት መብት ኮሚቴ ለልጆቹ የፈረደላቸው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ነው።

የምጠይቀው አዲስ ሕግ አይደለም። ለተጣለው ሕፃን የተሰጠው እምነት ለታዘለውም ይሰጠው፤ የእናቱ ቃል ከአንድ ሰው ምስክርነት ጋር ለመመዝገብ ይብቃ፣ የሚጠራጠር ማስረጃ ያምጣ። ሰሊጥ የሚታጨደው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው። ሐምሌ ላይ እርሻው ውስጥ የተወለደ ልጅ 90 ቀኑ የሚያልቀው እናቱ ማሳ ላይ ሳለች ነው፤ አንድ ቀን ብትቀር የቀን ሒሳቧ ይቆረጣል። ስለዚህ በጥቅምት የክብር መዝገብ ሹሙ መዝገቡን ይዞ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆኖ፣ ወደ ሰሊጥ እርሻዎቹ ይውረድ።