አጥር የሌለው ደጅ

እስቲ ለጥቂት ደቂቃ ራሳችሁን አውስትራሊያ መካከል አስቀምጡ። ምናልባት ሜልበርን ካሉት የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት የአንዱ ወጣቶች ናችሁ፤ ምናልባትም ለትምህርት ሄዳችሁ የእረፍት ጊዜ አግኝታችኋል። አራት ሆናችሁ ፎር ዊል መኪና ተከራይታችኋል፤ ድንኳንና የውኃ ጀሪካን ጭናችኋል። ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ተነሥታችሁ የታናሚን መንገድ ይዛችሁ ወደ ሰሜን ምዕራብ ትነዳላችሁ። መንገዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከፊሉ አስፋልት፣ ብዙው ቀይ አፈር ነው። 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄዳችሁ በኋላ ዩንዱሙ ወደሚባል መንደር የሚያስገባ መታጠፊያ ይመጣል። ነዋሪዎቹ ከአገሩ ቀደምት ሕዝቦች ከአቦርጂኖች ወገን የሆኑ ዋርልፒሪዎች ናቸው። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሆኗል። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ ነዳጁም ከግማሽ በታች ወርዷል።

መኪናው ውስጥ ክርክር ይነሣል። አንዱ፣ «ገብተን እንያቸው እንጂ! ሁለተኛ መቼ እዚህ እንመጣለን?» ይላል። አንዷ፣ «እዚያ አካባቢ እንዳትቆሙ ተብለናል፤ ዝም ብለን እንለፍ» ትላለች። ሌላው ጊታሩን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ፣ «ጌታ እዚህ ያደረሰን በከንቱ አይደለም፤ ገብተን ለምን አንዘምርላቸውም?» ይላል። ሹፌሩ ዝም ብሏል። ፍሬቻውን ገና አላበራም።

ማንኛቸው ልክ ናቸው? የወጣቶች ኅብረት ላይ ብትወያዩበት ጊታር የያዘው ብዙ ድምፅ እንደሚያገኝ እገምታለሁ። ነገር ግን ሦስቱም የተናገሩት ስለ ራሳቸው መሆኑን ልብ በሉ። የመጀመሪያው ስለ ጉጉቱ፣ ሁለተኛዋ ስለ ደኅንነቷ፣ ሦስተኛው ስለ ጥሪው ተናገረ። «ይህ ቦታ የማን ነው? እኛስ እንደ ምን ሆነን ነው የምንገባው?» ብሎ የጠየቀ የለም። መቆም ደግነት፣ ማለፍ ክፋት እየመሰለን ነው የምንከራከረው። ሆኖም ሰው ከንቀት የተነሣ ሊያልፍ ይችላል፣ ከአክብሮትም የተነሣ ሊያልፍ ይችላል፤ መቆሙም እንዲሁ ነው። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ያው የጎማ አቧራ ነው።

በእኛ አገር ገጠር ያደጋችሁ እንደምታውቁት፣ የሰው ግቢ ስንደርስ ከአጥሩ ውጭ ቆመን «ቤቶች!» ብለን እንጣራለን። ውሻው ይጮኻል፣ አንድ ልጅ ብቅ ይላል፣ ከውስጥ «ይግቡ» እስኪባል እንጠብቃለን። የእግዜር እንግዳ እንኳ፣ መሽቶበት ማደሪያ ያጣው ሰው፣ ከደጅ ሆኖ ነው የሚለምነው። የአውስትራሊያ በረሃ ላይ ግን አጥር አይታይም። መንገደኛው የሚያየው ሜዳ፣ ቁጥቋጦና ሰማይ ብቻ ስለሆነ የማንም ያልሆነ ምድር ላይ ያለ ይመስለዋል። ይህ የመንገደኛ ስሕተት ብቻ አልነበረም። የአገሪቱ ሕግ ራሱ ከእንግሊዞች መምጣት በፊት ምድሪቱ ባለቤት እንዳልነበራት ሲቆጥር ኖሮ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያን አስተሳሰብ የሻረው እ.ኤ.አ. በ1992 ማቦ በሚባለው ፍርድ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1976 በወጣው የመሬት መብት ሕግ ደግሞ በኖርዘርን ቴሪቶሪ ግዛት ብዙ መሬት ለቀደምት ባለቤቶቹ ተመልሷል፤ ዛሬ ከግዛቱ ግማሽ ያህሉ የእነርሱ ነው። ወደዚያ መሬት ለመግባት ከየአካባቢው የመሬት ምክር ቤት አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል። ብዙ መንገደኞች ይህን እንደ ቢሮክራሲ ቆጥረው ያማርራሉ። እኔ ግን የፈቃዱ ቅጽ በወረቀት የተጻፈ «ቤቶች!» ነው እላለሁ።

ነገሩ ከወረቀቱም ይቀድማል። በመካከለኛው አውስትራሊያ በቀደመው ሥርዓት፣ ከሌላ ስፍራ የመጣ እንግዳ ሰፈሩ መካከል ዘው ብሎ አይገባም ነበር። በሚታይበት ርቀት ላይ መሬት ላይ ይቀመጣል። አንድ ሰው ተነሥቶ ወደ እርሱ እስኪመጣ ድረስ፣ ጊዜ ቢወስድም፣ ይጠብቃል። ይህን ሳስብ ዘፍጥረት 18 ትዝ ይለኛል። ሦስቱ እንግዶች አብርሃም ድንኳን ውስጥ አልገቡም፤ ቆመው ታዩት፣ የሮጠውም እርሱ ነው። የኤማሁስን መንገድም አስቡ። ጌታ ከሙታን ተነሥቶ፣ ሥልጣን ሁሉ በእጁ ሆኖ፣ መንደሩ ሲደርሱ አልፎ የሚሄድ መንገደኛ መሰለ። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት አጥብቀው ባይለምኑት ኖሮ ማዕዱ ላይ አይቀመጥም ነበር። («ዘኬዎስስ? ራሱን ጋብዞ የለ?» የሚል ተከራካሪ በየኅብረቱ አይጠፋም። ዘኬዎስ እኮ ዛፍ ላይ የወጣው እርሱን ለማየት ብሎ ነው፤ ደጁ ከተከፈተ ቆይቷል።)

አሁን «ዝም ብለን እንለፍ» ወዳለችው እኅታችን እንመለስ። አትፍረዱባት፤ የነገሯት ሰዎችም በክፋት አላሉም ይሆናል። ይሁን እንጂ ፍርሃቱ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ይገባናል። በ2007 የአገሪቱ ፌዴራል መንግሥት በሕፃናት ላይ የሚደርስ ጥቃትን ምክንያት አድርጎ በኖርዘርን ቴሪቶሪ የአቦርጂን መንደሮች ላይ «አስቸኳይ ርምጃ» አወጀ። ለዚህም ሲል የዘር መድልዎ መከላከያ ሕጉን በእነርሱ ላይ እንዳይሠራ አገደ፤ በየመንደሩ መግቢያም አልኮልና የብልግና ምስሎች የተከለከሉ መሆናቸውን የሚናገሩ ትልልቅ ሰሌዳዎችን ተከለ። የሕፃናቱ ጉዳይ እውነተኛ ጉዳይ ነበር። ሰሌዳው ግን መጠጥ የማያውቁትን አያቶች፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉትን ሽማግሌዎች ሳይቀር በአንድ ላይ አሳፈረ። እናንተ ብትሆኑስ? ሰፈራችሁ በር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ፣ እንግዳ ሁሉ ስማችሁን ሳይጠይቅ እርሱን አንብቦ ቢያልፍ? ካህኑና ሌዋዊው በኢያሪኮ መንገድ ገለል ብለው ሲያልፉ ምክንያት እንደ ነበራቸው አልጠራጠርም። ፍርሃት መቼም ምክንያት አያጣም።

ደግሞስ ማን ማንን ነው መፍራት ያለበት? ከዚሁ መታጠፊያ፣ በዚያ አገር መለኪያ፣ ብዙ በማይርቅ ስፍራ ኮኒስተን የሚባል የከብት እርባታ አለ። በ1928፣ ምድሪቱን ድርቅ በመታበት ዘመን፣ ፍሬድ ብሩክስ የሚባል ነጭ አዳኝ አንድ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ድንኳን ተክሎ ሳለ ተገደለ። ፖሊሱ ጆርጅ መሪ የመራቸው የበቀል ዘመቻዎች ከዚያ ተነሥተው ለሳምንታት ዘለቁ። መንግሥት ያመነው 31 ሰው መገደሉን ነው፤ የሟቾቹ ወገኖች ቁጥሩ ከዚያ በብዙ እንደሚበልጥ ይናገራሉ። በጊዜው የተቋቋመው አጣሪ ቡድን ግድያውን አግባብ ነው አለ። የግዛቱ ፖሊስ ኮሚሽነር በይፋ ይቅርታ የጠየቀው 90 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2018 ነው። ዩንዱሙ ውስጥ ያን ጊዜ ያመለጡ ሰዎች የልጅ ልጆች ይኖራሉ። ማታ ላይ የማያውቁት መኪና መብራቱን አብርቶ ወደ ቤታቸው ሲጠጋ ምን እንደሚሰማቸው እናንተው ገምቱ።

ጊታሩን የያዘውን ወንድማችንን ወደ ኋላ ያቆየሁት አስቸጋሪው እርሱ ስለሆነ ነው። ልቡ መልካም ነው። ነገር ግን ወንጌል ከእርሱ በፊት እዚያ ምድር መድረሱን የነገረው የለም። የሚገርመው ደግሞ ታሪኩ በእኛ በር በኩል ያልፋል። በጀርመን አገር ሄርማንስቡርግ በምትባል መንደር በ1849 የተቋቋመ የወንጌል ማኅበር ነበረ። በ1853 ማኅበሩ መርከብ አሠርቶ «ካንዳዜ» አላት፤ በሐዋርያት ሥራ 8 በምናነባት በኢትዮጵያ ንግሥት በህንደኬ ስም መሆኑ ነው። ሐሳባቸው ወደ ኦሮሞ ሕዝብ መድረስ ነበር። መግቢያ አጡ፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞሩ። የዚያው ማኅበር መልእክተኞች ወለጋ ገብተው አይራ ላይ ሥራ የጀመሩት በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ግን ሌሎች ወንድሞቻቸው በ1877 መካከለኛው አውስትራሊያ ደርሰው፣ ከአሊስ ስፕሪንግስ በስተምዕራብ በአራንዳ ሕዝብ መካከል ሰፍረው፣ ሰፈሩን ሄርማንስቡርግ ብለው ጠሩት። የአገሩ ሰዎች ንታርያ ይሉታል።

እነዚያ ሚስዮናውያን «ቤቶች!» ብለው አልገቡም። መሬቱን የሰጣቸው የቅኝ ገዢው መንግሥት እንጂ ባለቤቱ አልነበረም። የሕዝቡን ጥንታዊ ሥርዓቶችም ከለከሉ። በሌላ በኩል ቋንቋውን ተምረው መጻሕፍትንና መዝሙርን ተረጐሙበት፤ ሰፋሪዎችና ፖሊሶች ሰውን እንደ አውሬ በሚያድኑበት ዘመንም ሰፈሩ መጠጊያ ሆነ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ለማጽዳት ሌላውን መሰረዝ አያስፈልገንም። በ1982 መሬቱ ለባለቤቶቹ ተመለሰ። መዝሙሩስ? የመካከለኛው አውስትራሊያ አቦርጂን ሴቶች መዘምራን በ2015 ወደ ጀርመን ተጉዘው፣ በአያቶቻቸው ዘመን ከዚያ የመጡትን መዝሙሮች በራሳቸው ቋንቋ ለጀርመኖች ዘመሩላቸው። እንግዲህ ወንድሜ፣ አንተ ማን ፊት ልትዘምር ነው ጊታርህን የምታወጣው? ምናልባት የአንተ ድርሻ እሑድ ጠዋት፣ ከተፈቀደልህ፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስማት ነው።

ታዲያ ይቆም ወይስ ይታለፍ? እኔን ብትጠይቁኝ፣ የሚያስፈልጋችሁ ነገር ካለ ቁሙ እላለሁ። ጌታችን ሰማርያ ላይ ወደ ሴቲቱ የቀረበው ውኃ ለምኖ ነው። ሰባውን ሲልካቸውም ኮረጆ እንኳ ሳይዙ፣ የቀረበላቸውን የሚበሉ እንግዶች አድርጎ ነው የላካቸው። የሚለምን ሰው ባለቤቱን ባለቤት ያደርገዋል፤ ሊያይ ብቻ የመጣ ሰው ግን ባለቤቱን ትርኢት ያደርገዋል። ነዳጅ ያስፈልጋችኋል፤ ፈቃዱ በእጃችሁ ካለ ግቡና ቅዱ። ሱቁ ውስጥ ዳቦ ግዙ፤ ከከተማው ይወደዳል፣ ዕቃው የተጓዘውን ርቀት አስቡና አትከራከሩ። ዩንዱሙ ላይ ከ1985 ጀምሮ ዋርሉኩርላንጉ የሚባል የሠዓሊዎች የጋራ ማዕከል አለ፤ ሥራቸው በዓለም ዙሪያ ይሸጣል። ማዕከሉ ክፍት ሆኖ ካገኛችሁት ያ የተከፈተ ደጅ ነው። ወደ መኖሪያ ቤቶቹ መካከል ግን በመኪና አትዙሩ። ካሜራችሁንም ሳትጠይቁ አታውጡ፤ ሕፃናቱ ፈገግ ስላሉላችሁ ፈቃድ አገኛችሁ ማለት አይደለም።

መንደሩ ለቅሶ ላይ ከሆነ ደግሞ ተመለሱ። ይህ ለእኛ ይከብደናል። በእኛ ዘንድ መንገደኛ እንኳ ለቅሶ ካጋጠመው ገብቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይወጣል፤ አለመግባት ነውር ነው። በዚያ ግን ሰው ሲሞት የሟቹ ስም አይነሣም፣ ፎቶው አይታይም፣ መንደሩ ለእንግዳ ሊዘጋ ይችላል። እዚያ ማፅናናት ማለት መራቅ ነው። እኛ በለመድነው መንገድ ካላጽናናን ብንል ማንን እያጽናናን ይሆን?

ማደሪያውም ቢሆን ያው ነው። ድንኳናችሁን መትከል በተፈቀደበት ስፍራ ትከሉ። ውኃ ያለበት ቦታ ስታገኙ ደስ ብሏችሁ ዳር ላይ አትስፈሩ፤ በበረሃ ውኃ ሁሉ ባለቤትና ታሪክ አለው፣ ሌሊት ሊጠጡ የሚመጡ እንስሳትም አሉ። የብሩክስ ድንኳን የት እንደ ነበረ አትርሱ።

ፈቃዱን ሳትጠይቁ ከተማውን ለቃችሁ ከሆነ፣ ወይም ጠይቃችሁ «አይሆንም» ተብላችሁ ከሆነ፣ ነዳጁን ቀድማችሁ አሊስ ስፕሪንግስ ላይ መሙላት ነበረባችሁ፤ አሁን ያለው ምርጫ መኪናውን አዙሮ መንገድ ዳር ወዳለው ማደያ መመለስ ነው። ጊታር የያዘው ወንድማችን ቅር ይለው ይሆናል። ሉቃስ 9 ላይ ጌታ ወደ አንድ የሰማርያ መንደር ሊገባ ሲል አስቀድሞ መልእክተኞችን ልኮ አስጠይቆ ነበር። መንደርተኞቹ አንቀበልህም አሉ። ያዕቆብና ዮሐንስ ተቆጡ፣ እሳት ይውረድባቸው አሉ። እርሱ ግን የገሠጸው መንደሩን ሳይሆን ሁለቱን ነው፤ ከዚያም ማደሪያ ፍለጋ ጉዞውን ወደሚቀጥለው መንደር አቀና።