ሽታው የማን ነው?

አገራችን ጫማውን ወዳ ፋቂውን ንቃ ኖራለች። በጎንደር ደጋም መጫኛውንና ኮርቻውን በደስታ የተቀበለው ሰው፣ ቆዳውን ያለፋውን ባለሙያ ከማዕዱ አርቆታል። ሽታው የፋቂው ብቻ ይመስል!

ዛሬ ፋቂው ፋብሪካ ሆኗል፤ ንቀቱም ወደ ወንዝ ወርዷል። በተለመደው ዘዴ ቆዳ ሲለፋ፣ ከሚጨመረው ክሮም ሲሶ ያህሉ ከእጣቢው ጋር ይወጣል። አቃቂ ወንዝ ምን እንደሆነ አይተናል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 መበከልን ይከለክላል፤ ነገር ግን «አትበክል» ማለትና እንዴት እንደማይበከል ማሳየት ለየቅል ናቸው። ክሮሙን መልሶ መጠቀምም ሆነ በዕፅዋት ማልፋት ከእኛ ቆዳና ከእኛ አቅም ጋር እንዲስማማ ምርምር ይሻል፤ ምርምርም ገንዘብ።

«ባለፋብሪካው ይክፈል» ይባላል። እኔም ይክፈል እላለሁ፤ ግን ብቻውን አይደለም። ጫማውን ያጠለቅሁት እኔ፣ የውጭ ምንዛሪውን ያገኘው መንግሥትም ባለዕዳዎች ነን። እኛ እምቢ ካልን፣ ከወንዙ ግርጌ ከብቱን የሚያጠጣው ገበሬ ይከፍልልናል። እርሱን ደግሞ ማንም አልጠየቀውም።

በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ያስተማረው በሽታን ሳይመጣ መከላከልን ነበር። የፋብሪካም ነገር ከዚህ አይለይም። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። እንግዲያው ሥሩ ላይ ሳለን እንክፈል።