የአፈ ሙዝ ልጓም

ሰው በእጁ የሚሠራው ነገር ሁሉ ከእጁ ከወጣ በኋላ የራሱን መንገድ ይዞ ይሄዳል። ማረሻ የቀጠቀጠ ባለ እጅ ማረሻው የማንን መሬት እንደሚያርስ፣ ቢላዋ የሳለም ሰው ቢላዋው በማን እጅ እንደሚገባ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ከዚህም የተነሣ ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የሠሪው ተጠያቂነት እስከ የት ይደርሳል? የሚል ነው። ጥያቄውን በማረሻና በቢላዋ የመረመርነው እንደ ሆነ መልሱ ቀላል ይመስላል፤ መሣሪያው ለበጎም ለክፉም ይሆናልና ጥፋቱ የተጠቀመበት ሰው ነው ብለን እንገላገላለን። በጠመንጃ የመረመርነው እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ከጠመንጃ ክፍሎች ሁሉ ታናሿን መርጠን፣ በርሷ ምክንያት ይህን ታላቅ ጥያቄ ልንመረምር አስበናል።

ጠመንጃ ሲተኰስ አፈ ሙዙ ወደ ላይ እንደሚነሣ የተኰሰ ሁሉ ያውቀዋል። ኒውተን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1687 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ለእያንዳንዱ ግፊት እኩያው የሆነ ተቃራኒ ግፊት አለ። ባሩዱ ዐረሩን ወደ ፊት ሲገፋ ጠመንጃውን ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋዋል። በብዙዎቹ ጠመንጃዎች ዘንድ ዐረሩ የሚያልፍበት ብረት ሰደፉ ከትከሻ ጋር ከሚገናኝበት ስፍራ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ ይህ እርግጫ ጠመንጃውን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ በመመለስ ፋንታ በትከሻው ላይ ያዞረዋል፤ አፈ ሙዙም ቀና ይላል። አንድ በአንድ ለሚተኩስ ሰው ይህ ብዙ አያስቸግረውም፤ ዝቅ አድርጎ እንደ ገና ያልማል። ጥይት በተከታታይ በሚተፋ መሣሪያ ላይ ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው በላይ፣ ሦስተኛውም ከሁለተኛው በላይ እየሄደ ከኢላማው ይርቃል።

መድኃኒቱ የተገኘው ከበሽታው ውስጥ ነው። ዐረሩን ተከትሎ የሚወጣው የባሩድ ጋዝ ቀድሞ ሥራ ሳይሠራ ባክኖ ይቀር ነበር። በአፈ ሙዙ ጫፍ ላይ ወደ ላይ የተከፈተ አጭር ብረት ቢገጠም ጋዙ ወደ ላይ ሲፈናጠር ብረቱን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ስለዚህ ጠመንጃው ራሱ ባወጣው እስትንፋስ ራሱን ይገታል። በአሜሪካ ሪቻርድ ከትስ የተባለ የባሕር ኀይል እግረኛ ጦር መኰንን ያወጣው እንዲህ ያለ ብረት፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1920ዎቹ ዓመታት በቶምሰን ጠመንጃ ላይ ሊገጠም በቅቷል። በአገራችን ይበልጥ የምትታወቀው ግን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1959 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው በተሻሻለው ክላሽንኮቭ ጫፍ ላይ የምትታየው፣ እንደ መቃ ብርዕ በሰያፍ የተቈረጠች ትንሽ ብረት ናት። ክብደቷ ከእጅ የማይቈጠር፣ ሥራዋ ግን የክላሽን አፍ መያዝ ነው። የፈረስ ልጓም የፈረስን አፍ እንደሚይዝ ይህችም የጠመንጃን አፍ ስለምትይዝ፣ የአፈ ሙዝ ልጓም ብንላት የተሳሳትን አይመስለንም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ይህችን ልጓም የፈለሰፈ ሰው መልካም ሠራ ወይስ ክፉ?

መልካም ሠራ የሚሉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ጠመንጃ ከተተኰሰ አይቀር ኢላማውን የሚመታ ጠመንጃ ኢላማውን ከሚስት ይሻላል፤ ምክንያቱም ኢላማውን የሳተ ጥይት በአየር ላይ ጠፍቶ አይቀርም፤ ጠብ የሌለውን ሰው ፈልጎ ያገኛል። ይህ ምክንያት በአውበሬ ምድር ለሚኖር ሰው ባዶ ክርክር አይደለም። ቀድሞ ተፈሪ በር በመባልም የምትታወቀው አውበሬ ከጅጅጋ ወደ ቦረማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በድንበር አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1969 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ጅጅጋ በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ በሶማሊያ ጦር ተይዛ፣ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ነጻ እስክትወጣ ድረስ አካባቢው ሁሉ የተኵስ ሜዳ ሆኖ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ሶማሊያ ጦርነት ሲነሣ ድንበሩን ተሻግረው የመጡ እጅግ ብዙ ስደተኞች በዚህ አገር ተጠለሉ፤ በ1999 ዓ.ም.ም በአውበሬ ሌላ የስደተኞች መጠለያ ተከፈተ። ከነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እነርሱን ከቤታቸው ያወጣቸው ለእነርሱ የታለመ ጥይት ብቻ አልነበረም፤ ለሌላ የታለመውም ጭምር ነው።

የሶማሌ ወገኖቻችን ከጥንት ጀምሮ ቢሪማጌይዶ የሚሉት የጦርነት ሕግ አላቸው፤ ትርጓሜውም ብረት የማይነካቸው ማለት ነው። ሴት፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ በሽተኛ፣ እንግዳ፣ የሃይማኖት ሰውና ለዕርቅ የተላከ መልእክተኛ በጠብ ጊዜ እንኳ እንዳይነኩ ይህ ሕግ ያዛል። ሕጉ የወጣው ተዋጊው የተዋጊውን ፊት እያየ በጦርና በጐራዴ በሚገጥምበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ማንን እንደሚወጋ የማያውቅ ጦረኛ አልነበረም። ክላሽ ከመጣ በኋላ ግን ብረቱ የሚነካውንና የማይነካውን መለየት አቃተው። ስለዚህ የልጓሟ ጠበቃ፣ አፈ ሙዝን የሚገታ ብረት ለጠመንጃ የጠፋበትን ዓይን ይመልስለታል፤ ቢሪማጌይዶንም ያስከብራል ብሎ ቢከራከር እናደምጠዋለን።

ነገር ግን ክርክሩን እስከ መጨረሻው የተከተልነው እንደ ሆነ አንድ ጉድለት ይታይበታል። ልጓሚቱ የምታስተካክለው የአፈ ሙዙን መንገድ እንጂ የተኳሹን አሳብ አይደለም። ወደ ተዋጊ ያለመውን ሰው ተዋጊውን እንዲመታ እንደምትረዳው ሁሉ፣ ወደ ስደተኛ ያለመውንም ሰው ስደተኛውን እንዲመታ ትረዳዋለች። ትክክል መምታት በራሱ ምግባር አይደለም፤ የምግባር አገልጋይ ሊሆን ይችላል፤ የክፋትም አገልጋይ ሊሆን ይችላል። ኢላማን መርጦ የሚያስቀር የሰው ኅሊና እንጂ የብረት ቅርጽ አይደለም። ስለዚህ ቢሪማጌይዶን ያስከብራል የተባለው ብረት ቢሪማጌይዶን ከማያውቅ ሰው እጅ የገባ ጊዜ ሕጉን በበለጠ ርግጠኝነት ያፈርሰዋል።

ሁለተኛም ነገር አለ። ይህች ልጓም የባሩዱን ኀይል አታጠፋውም፤ ታዛውረዋለች እንጂ። ወደ ፊት ይሄድ የነበረውን ጋዝና ድምፅ ወደ ላይና ወደ ጐን ስለምትበትነው፣ የተኳሹ እጅ ዐርፎ ሳለ በአጠገቡ የተኛው ጓደኛው ጆሮው ይደነቍራል፤ አቧራውም ፊቱን ይመታዋል። ይህን በጠመንጃ ብቻ የሚታይ ነገር አድርገን ልናልፈው አይገባንም። በሰው ኑሮም ውስጥ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ለአንዱ የቀለለው ሸክም ጠፋ ሲባል ወደ ጎረቤቱ ትከሻ ተዛውሮ ይገኛል። አንድ አዲስ ብልኀት ሲቀርብልን ለማን እንዳቀለለ ብቻ ሳይሆን በማን ላይ እንዳከበደም መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ተግባር ነው።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለናል። የጠመንጃ እርግጫ ጉድለት ብቻ አልነበረም፤ ሳይታሰብ የተሰጠ ልጓምም ነበር። አባቶቻችን በታጠቁት በውጅግራና በአልቢን ዘመን፣ አንድ ጥይት የተኰሰ ሰው ሌላውን አጕርሶ እስኪያልም ድረስ ጥቂት ጊዜ ያገኝ ነበር። ያች ጥቂት ጊዜ ለወደቀው ሰው አትጠቅመውም፤ ገና ላልወደቀው ግን ትጠቅመዋለች። ለተኳሹም ይበልጥ ትጠቅመዋለች፤ ያደረገውን አይቶ እጁን ሊሰበስብ ይችላልና። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ሁሉ ከአፈ ሙዝ የወጣውም አይመለስም፤ ሁለተኛው እንዳይወጣ ማድረግ ግን ይቻላል። በተከታታይ የሚተኩሰው መሣሪያ ይህን ዕረፍት አጠበበው፤ በእርሱ ላይ ቀርቶ የነበረው ልጓም የአፈ ሙዙ መነሣት ነበር፤ ጥበብ ደግሞ ያንንም አነሣው። ስለዚህ አሁን ከብረቱ የወጣው ልጓም ወደ የት ገባ? ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

ይህን ጥያቄ የሸሹ ሠሪዎች አሉ፤ ያልሸሹም አሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያስቀመጧቸው የውጭ አገር ባለ እጆች የመጡት ለመድፍ ሥራ ሳይሆን ለወንጌል ስብከት ነበር። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ባሏቸው ጊዜ አናውቅበትም ብለው ነበር፤ ነገር ግን ትእዛዙ ስለ ጸናባቸው እየሞከሩና እየሳቱ ተምረው በመጨረሻው ሴባስቶፖልን እስከ ማቅለጥ ደረሱ። ወደ 70 ኩንታል የሚጠጋው ያ ብረት ዛሬም በመቅደላ ይገኛል። ንጉሡን አገሩን ከጠላት ለመጠበቅ ጥበብን በመሻቱ የሚነቅፈው የለም፤ የሰባኪዎቹ ልብ ግን በትእዛዝና በኅሊና መካከል እንዴት እንደ ተጨነቀ ማሰብ አያዳግትም። ሚካኢል ካላሽኒኮቭም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. ከመሞቱ በፊት ለሩሲያ ፓትርያርክ በጻፈው ደብዳቤ፣ በጠመንጃው ስለ ሞቱት ሰዎች እርሱ በደለኛ ይሆን እንደ ሆነ ጠይቋል። ከቤተ ክርስቲያኒቱ በኩል የተሰጠው መልስ፣ መሣሪያ አገርን ለመጠበቅ ሲውል ሠሪውም ወታደሩም አይነቀፉም የሚል ነበር። መልሱ ለወታደሩ ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን ዘጠና ዓመት አልፎት ደብዳቤ ያስጻፈው ጥያቄ፣ ጠመንጃው አገርን ለመጠበቅ ባልዋለበት ቦታ ሁሉ ስለ ሆነው ነገር ነው።

ብዙዎች በዚህ ቦታ ላይ፣ እኔ ባልሠራው ሌላው ይሠራው ነበር ይላሉ። ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያት ግን አይሆንም። ሁሉም በዚህ ቃል እጁን ከታጠበ፣ ሥራው ተሠርቶ ሳለ አንድ እንኳ ሠሪ የማይገኝበት ዓለም ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በሠሪው ላይ ብቻ መጫን ቃታውን የሳበውን፣ መሣሪያውን የሸጠውንና ያስታጠቀውን ነጻ ማውጣት ነው። እኛ የምንለው ኀላፊነቱ እንደ ሰንሰለት ነው፤ እያንዳንዱ በእጁ የያዘውን ቀለበት ያህል ይጠየቅበታል።

ለዚህ አሳብ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። በሶማሌ ባሕላዊ ሕግ፣ ሔር በሚባለው፣ አንድ ሰው የገደለ እንደ ሆነ ካሣውን የሚከፍለው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ ጋር በካሣ የተሳሰሩት ዘመዶቹ ሁሉ ናቸው። ለአንድ ወንድ ነፍስ የተለመደው ካሣ 100 ግመል ነው። ይህ ሥርዓት ለሟች ሕይወት ዋጋ ለመቍረጥ የወጣ ብቻ አይመስለንም፤ ለሕያዋን ልጓም ለማበጀትም ነው። ግመሉን የሚከፍል ዘመድ ሁሉ ወጣቱ መሣሪያ ሲያነሣ ዝም ብሎ አያይምና፤ የአንዱ ቃታ የብዙዎች ዕዳ ስለ ሆነ ብዙ እጆች አፈ ሙዙን ወደ ታች ይጫኑታል። ልጓሙ በብረቱ ጫፍ ላይ ሳይሆን በሰው መካከል ነው።

ይህ ልጓም በትላልቅ ጠብ ላይም ሠርቶ ታይቷል። ከአውበሬ ድንበር ተሻግራ በምትገኘው በቦረማ፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. ከጥር እስከ ግንቦት 150 የጎሳ ሽማግሌዎች ተቀምጠው መክረው፣ የሰላም ቃል ኪዳን አጸደቁ። ወራት ሙሉ መቀመጣቸውን የሚያደንቅ ሊኖር ይችላል፤ እኛ ግን ዋናው ሥራቸው እርሱ ነበር እንላለን። ተከታታይ ተኵስ የወሰደውን ዕረፍት በንግግር መለሱት። ጥይት በቅጽበት የሚቈርጠውን ነገር እነርሱ በወራት ቋጠሩት።

በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንና መነገድን ይከለክላል። አዋጅ ግን ብቻውን በወረቀት ላይ ያለ ልጓም ነው፤ ፈረሱን የሚይዘው የሚጨብጠው እጅ የተገኘ እንደ ሆነ ነው። ሹሙ ፈቃድ ሲሰጥ ለዘመዱ የማያዳላ፣ ሽማግሌው ለወንዙ ልጅ የማይሸፍን፣ ነጋዴውም ትርፉን ከደም የሚለይ ከሆነ አዋጁ እጅ አገኘ ማለት ነው።

በተለይ ለመምህራንና ለተማሪዎች የምንለው አለን። ወጣት ተማሪ የኒውተንን ሕግ ሲማር፣ ስለ ልጓሚቱ አሠራርም ሲሰማ ልቡ በብልኀቱ ይማረካል፤ መማረኩም አያስነቅፍም፤ ጥበብ የምታድገው በመማረክ ነውና። ነገር ግን መምህሩ፣ ይህ እንዴት ይሠራል? ከሚለው ጥያቄ አጠገብ፣ ይህ በማን ላይ ይሠራል? የሚለውን ሁለተኛ ጥያቄ ማስቀመጥ ይገባዋል። ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይማር የመጀመሪያውን ብቻ የተማረ ሰው ግማሽ ተማሪ ነው። አገርም ግማሽ ተማሪ በሆኑ ሠሪዎች ከተሞላች፣ መሣሪያዋ እየተስተካከለ በሄደ መጠን ሕዝቧ እየሳሳ ይሄዳል።

የመጨረሻው ፍርዳችን እንግዲህ ይህ ነው። የአፈ ሙዝን መነሣት የገታው ሰው በዚያ ሥራው ብቻ ቅዱስም ርኩስም አይባልም። ነገር ግን ከብረት ላይ አንድ ልጓም ያነሣ ሁሉ በሰው ላይ ሌላ ልጓም እንዲተካ ዕዳ ገብቷል፤ ዕዳውም የእርሱ ብቻ ሳይሆን ብረቱን የገዛው መንግሥት፣ የታጠቀው ወታደር፣ የፈረደው ዳኛና ያስተማረው መምህር ሁሉ ዕዳ ነው። ጥበብ አፈ ሙዝን ዝቅ ማድረግ ችላለች፤ እጅን ዝቅ ማድረግ ግን የብረት ሥራ አይደለም፤ እርሱ የሕግ፣ የትምህርትና የኅሊና ሥራ ነው።