በቁስለኛ ጆሮ ላይ ያለች መርፌ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ቢቸር በጣሊያን ግንባር ሳለ 215 ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን ስለ ሥቃያቸው ጠየቀ። አጥንታቸው ተሰብሮ ሥጋቸውን የበሳ፣ ፍንጣሪ ደረታቸውን ወይም ሆዳቸውን የቀደደባቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጽሑፍ እንደገለጠው፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ማስታገሻ ይሰጣችሁ ወይ ሲባሉ አያስፈልገንም አሉ። ቢቸር ምክንያቱን ከሥጋቸው ውጭ ፈለገው። ለወታደሩ ቁስሉ ከሞት ሜዳ መውጫ በር ነው፤ በከተማ መኪና ለገጨው ሰው ግን ያው ቁስል የመከራ መጀመሪያ ነው።

ለመሆኑ ሕመም ምንድን ነው? አማርኛው «አመመኝ» ሲል አድራጊው ሕመሙ፣ ተደራጊው ሰውየው ነው። የቢቸር ቁስለኞች ግን ተደራጊ ብቻ አልነበሩም፤ የደረሰባቸውን ነገር ተርጉመውታል፣ ትርጓሜውም ሥቃያቸውን አቅልሎታል። ይህ እውነት ከሆነ የሐኪሙ ፊት፣ የእጁ ንክኪ፣ አጠገብ ተቀምጦ መስማቱ ከሕክምናው የሚቆጠር እንጂ የሕክምናው ጌጥ አይደለም።

ዘመናዊውን ሕክምና ከሌሎች የፈውስ ጥበቦች ጋር አጣምረው የሚሰጡ ሐኪሞች የሚቆሙት እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የነበረው ሪቻርድ ኒምትዞቭ «የጦር ሜዳ አኩፓንክቸር» የተባለውን ዘዴ አወጣ፤ በጆሮ ላይ በሚገኙ አምስት ነጥቦች ጥቃቅን መርፌዎች ይተከላሉ፣ ለጥቂት ቀናትም እዚያው ይቆያሉ። መሠረቱ ፈረንሳዊው ፖል ኖዢዬ በ1950ዎቹ የጀመረው የጆሮ ሕክምና ነው። ለዋግምትና ለወጌሻ እንግዳ ላልሆነ አንባቢ ነገሩ ብዙም አያስገርም ይሆናል።

ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አጥጋቢ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የ18,000 ያህል ሕሙማንን መረጃ አንድ ላይ የመረመረ ጥናት፣ በቆየ ሕመም ላይ አኩፓንክቸር ከይስሙላ መርፌ የተሻለ መሆኑን፣ ይሁንና ልዩነቱ ትንሽ መሆኑን አሳየ። ምንም መርፌ ካልተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ ሰፋ ያለ ነበር። ከእፎይታው ብዙው የመጣው እንግዲህ ከነጥቦቹ ሳይሆን ከመታከሙ ሥርዓት ነው ማለት ነው። ጥናቱም የጀርባ፣ የጉልበትና የራስ ምታት እንጂ ትኩስ የጥይት ቁስል አልነበረም።

ታዲያ አሠራሩ የሚያጠራጥር ማጽናኛ ለቁስለኛ መስጠት ማታለል ነውን? ሐኪሙ የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ ከተናገረ፣ አዎን ነው። «ብዙ ሰዎችን ረድቷል፣ ለምን እንደሆነ በእርግጠኝነት አይታወቅም፣ ብትፈልግ እንሞክረው» ካለ ግን አላታለለም። ቢቸር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1966 ሕሙማን በወጉ ሳይነገራቸው የተፈጸሙ 22 የምርምር ሥራዎችን ነቅሶ ባልደረቦቹን አስቆጥቷል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ወታደሩ «አልፈልግም» ማለት ይችላል ወይ የሚለው ነው። መርፌዋ የምትወደድበት አንዱ ምክንያት እንደ ሞርፊን አታፈዝም፣ ሱስም አታስይዝም መባሏ ነው። ይህ ለሕመምተኛው ትልቅ ነገር ነው። ላዛዡም ትልቅ ነገር ነው፤ ያልፈዘዘ ወታደር ቶሎ ወደ ምሽጉ ይመለሳልና። አንዲቷ መርፌ ሁለት ጌቶች አሏት፣ ማንን እያገለገለች እንደሆነ ከጆሮው ላይ አይነበብም። ሐኪሙ ከመትከሉ በፊት ይህን ለራሱ ሊመልስ ይገባል፤ «ደኅንነት» የሚለው ቃል ለቁስለኛው ካልሆነ ለማን ነው?

ሌላም አለ። መርፌ ርካሽ ናት፣ በኪስ ትያዛለች፤ ስለዚህ መድኃኒት የከለከለ ወገን ማመካኛ ልታደርጋት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 በትግራይ ጦርነት ወቅት የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች መድኃኒት ማጣታቸውን፣ ጓንት አጥበው መልሰው እስከ መጠቀም መድረሳቸውን ለዓለም አሰሙ። እዚያ አልጋ ላይ ለተኛው ሰው መርፌም፣ ጸሎትም፣ የሚይዘው እጅም ዋጋ ነበረው። ሐኪሞቹ ግን የጠየቁት ማደንዘዣ ነበር።