ሐኑካን በኢየሩሳሌም ለምትሰነብት የወንድሜ ልጅ

ልጄ፣ ለሐኑካ ከዋሽንግተን መጥተህ ኢየሩሳሌም ልትሰነብት ነው አሉኝ። ደግ አድርገሃል። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ነውና በዓሉን እንደ አገሬው ልማድ እየው።

በመጀመሪያው ምሽት ወደ ምዕራባዊው ግንብ አትሩጥ። እዚያ ትልቅ መቅረዝ ይለኮሳል፤ ይሁዳ መቃቢ በ164 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከንጉሥ አንጥያኮስ ሠራዊት አስለቅቆ ዳግም ያስቀደሰው ቤተ መቅደስም ከዚያ በላይ ባለው ተራራ ላይ ነበር። ግን ግፊያ ነው፤ የምታየው የሰው ጀርባ ነው። ሌላ ቀን ይደርሳል።

ፀሐይ በእኛ ሰዓት ከ10 ተኩል ትንሽ አለፍ ብላ ስትጠልቅ ናሕላኦት ሰፈር ግባ። በየደጃፉ፣ ስትገባ በግራ በኩል፣ ነፋስና ዝናብ የማያገኘው የመስታወት ሣጥን ታያለህ። ውስጡ የወይራ ዘይት የተሞሉ ጣት የሚያካክሉ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ምሽት አንድ፣ ሁለተኛው ሁለት እያለ ስምንት ይሞላል፤ ዘጠነኛው፣ ሻማሽ የሚሉት፣ የሌሎቹ አገልጋይ ነው። ደጅ የሚያኖሩት በቤተ መቅደሱ የአንድ ቀን ዘይት ስምንት ቀን የነደደበት ተአምር ለአላፊ አግዳሚው እንዲታወጅ ስለሆነ፣ ቆመህ ብታይ ነውር የለውም። በመስኮት ወደ ውስጥ ማጮለቅ ግን አይገባም፤ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እንዳይሆንብህ።

ከጠሩህ ግባ። ባዶ እጅህን አትሂድ፤ ራስህ የሠራኸውን ምግብም አትውሰድ። የኮሸር ማኅተም ያለበት የታሸገ ጣፋጭ ይበቃል። መብራቱ እስኪጠፋ ለመነሳት አትቸኩል፤ በዚያ ብርሃን መጽሐፍ እንኳ አይነበብም፣ ለመታየት ብቻ ነውና። ሱፍጋኒያ ሲያቀርቡልህ፣ በዘይት የተጠበሰ፣ ማርማላታ የሞላበት ሊጥ ነው፣ አንዱ ይብቃህ። ሆድህን አውቀዋለሁ።

«የቤተ እስራኤል ልጅ ሆነህ እንዴት ይህን አታውቅም?» የሚልህ አይጠፋም። አትፈር። አባቶቻችን ጎንደር ሳሉ ስግድን እንጂ ሐኑካን አያከብሩም ነበር፤ እኛም የተማርነው እዚህ መጥተን ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለህ ጠይቅ፤ ሰው ለሚጠይቅ እንግዳ መናገር ይወዳል።

የዓርቡን ነገር ግን አደራ። የዚያን ዕለት የሐኑካው መብራት ከሰንበቱ ሻማ በፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይበራል። ከዚያ በኋላ አውቶቡስም ባቡርም የለም። እኔ ዘንድ ነታንያ የምትመጣ ከሆነ ከቀትር በፊት ተነስ፤ ካረፈድህም ቀድመህ ደውል። ሰንበት ከገባ ስልክ አላነሳም።