መስኮቱን ዝጉት

እናቴ ንፋስ ትፈራለች። ወሎ ዘመዶቿን ጠይቃ ስትመለስ አዲስ አበባ ተቀብያት አብረን ወደ ጋምቤላ ተሳፈርን። ጅማ፣ በደሌ፣ መቱ፣ ጎሬ፤ በዚያ ሁሉ መንገድ አንዱ መስኮት ገርበብ ባደረገ ቁጥር «ኧረ ዝጉት፣ ንፋስ ይመታናል!» የሚል ድምፅ ከእሷ ባይወጣ ከኋላ ወንበር ይወጣል። ቡሬን አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው ግን ጋቢው እየወለቀ፣ መስኮቱ እየተከፈተ መጣ። ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር እንኳ አትሞላም፤ የባሮን ወንዝ ሳናይ ገና ሙቀቱ ወጥቶ ይቀበለናል። አውቶቡሱ ሙሉ ሲናፈስ እናቴ ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ መስኮቷን እንደዘጋች ቀረች። በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ መጥታ አቦቦ ወርዳ፣ እኔን እዚያው ወልዳ፣ ዓሣ መብላት ሳይቀር ለምዳለች። ንፋስን ግን አልለመደችም።

አስተማሪ ነኝ። ጋትኩዎዝ የሚባል ተማሪ ሳላገኝ ያለፈ ዓመት የለም፤ «የእግዚአብሔር ልጅ» ማለት እንደሆነም አውቃለሁ። አንድ ከሰዓት ግን ኑዌር የሆነ ባልደረባዬን «ኩዎዝ ራሱ ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። መልስ አልሰጠኝም። ቡና የተጣደበት ምድጃ ላይ ጎንበስ ብሎ ፍሙን እፍ አለበት። ከሰሉ ቀላ። «ይኼ ነው» አለኝ።

እኛስ? ነፍስ፣ ነፋስ፣ መንፈስ፤ ሦስቱም የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው። በየቅዳሴው «መንፈስ ቅዱስ» ስል ኖሬ ንፋሱን ሰምቼው አላውቅም።

ይኼን ለእናቴ ከመንገሬ በፊት አንትሮፖሎጂስቱ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ ኑዌር ሃይማኖት የጻፈውን፣ በ1956 እ.ኤ.አ. የታተመውን መጽሐፍ በፎቶ ኮፒ አገኘሁት። (ሰውዬው በ1941 እ.ኤ.አ. አኙዋኮችን አሰልፎ በዚሁ አካባቢ ጣሊያንን ወግቷል፤ ካቶሊክ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።) ስለ እስትንፋስና ስለ ቃሉ የጻፈው አልገረመኝም፤ ፍሙ ነግሮኛል። ያስቆመኝ ሌላ ነው። ኑዌር ኩዎዝን ቅረበን ብሎ እንደሚለምነው ሁሉ፣ ፊትህን መልስልን፣ ራቅ በልልን ብሎም ይለምነዋል ይላል። ሕመም ሲገባ ቀርቦ መጥቷል ማለት ነውና መሥዋዕቱ የሚቀርበው ዘወር እንዲል ነው። እኛ ሰባኪዎቻችን ቅርበቱን ብቻ ሲመኙልን ነው የኖርነው። እሳት የሆነ ነገር ስንት ክንድ ሲርቅ እንደሚሞቅና ስንት ሲቀርብ እንደሚያቃጥል የሚነግረን አጣን።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። «መንፈስ ማለት እኮ ከነፋስ ጋር አንድ ነው» አልኩ፤ በፍርሃቷ ላይ ትንሽ መቀለዴም ነበር።

«ታዲያ ሲነካ ቀላል ነው ያለህ ማነው?» አለችኝ።

ለካ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የሚከለክላት ነገር ሳይኖር፣ ግድግዳውን ተሳልማ ከደጅ ቆማ የምታስቀድሰው ለዚህ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ትሕትና ነው ስል ነበር፤ ትሕትና ብቻ አይመስለኝም አሁን። መስኮት የሚዘጋ ሰው ውጭ የሚነፍሰውን አይንቅም። እኔ ነኝ ከፍቼ ደረቴን ሰጥቼ፣ አሪፍ አየር ነው እያልኩ የኖርኩት።

መጋቢት ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ አልፎ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ቬንቲሌተሩ ቆሞ፣ ቆርቆሮው እየተንቋቋ አንድ ምሽት መስኮቱን ከፈትኩ። በባሮ በኩል የመጣው ንፋስ ከኑዌሮቹ መካነ ኢየሱስ የከበሮ ድምፅ ይዞ ገባ። እናቴ «ዝጋው» አለች። ዘጋሁት። ከበሮው ዝቅ ብሎ ይሰማል። በጨለማው ውስጥ የእናቴ ጣት በርጩማዋን ይመታል፤ ከምቱ ጋር ይሄዳል፣ አንዳንዴ ይቀድመዋል።