ለሌላው እጅ ዕቃ መምረጥ

ትንሽ ዕቃ መግዛት ትንሽ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ገዢው አንድ ሰው፣ በዕቃው የሚሠራው ደግሞ ሌላ ሰው በሚሆንበት ጊዜ ጉዳዩ ከገበያ ወጥቶ ወደ ኅሊና ይገባል። ለሌላው እጅ ዕቃ የሚመርጥ ሰው ምን ግዴታ አለበት? ጥያቄውን በአንድ ተራ ምሳሌ እንመልከተው።

በአንድ ወዳጄ ቤት ቡና ከተጠጣ በኋላ፣ ምንጣፍ ላይ የተበተነውን ፈንድሻና የዳቦ ፍርፋሪ የቤቱ ሠራተኛ ወገቧን ይዛ በመጥረጊያ ስትለቅም አየሁ። በመደርደሪያው ላይ ግን በእጅ የሚያዝ ሽቦ አልባ ቫኪዩም ክሊነር ተቀምጦ ነበር። ወዳጄ፣ «እንዳትደክም ብዬ ከሁሉ ኃይለኛውን ገዛሁላት፤ እርሷ ግን አትነካውም» አለኝ። እርሷን ብጠይቃት፣ «ይከብደኛል፣ አባቴ፤ እጄ ይዝላል» ብላ መለሰችልኝ። ከመገዛቱ በፊት ይህን የጠየቃት አልነበረም።

የዕቃው ታሪክ ራሱ የሰውን ድካም የማቅለል ታሪክ ነው። እንግሊዛዊው ሁበርት ሴሲል ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1901 የሠራው በሞተር አቧራ የሚመጥ መሣሪያ በፈረስ የሚጎተትና ከቤት ውጭ የሚቆም ትልቅ መኪና ነበር። ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 «ደስትባስተር» የተሰኘውን በባትሪ የሚሠራ የእጅ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ከደጅ ይቆም የነበረው መኪና በ78 ዓመት ውስጥ ከመዳፍ ገባ ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ማራገቢያውን ሲያሽከረክር በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ የውጭው አየርም ፍርፋሪውን ይዞ ይገባል፤ ማጣሪያው አቧራውን አስቀርቶ አየሩን ያሳልፋል። እንግዲህ ብዙ ጉልበት ሲፈለግ ትልቅ ሞተርና ትልቅ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ከእነርሱም ጋር ክብደት ይመጣል። ሻጩ ጉልበቱን ያወድሳል፤ ክብደቱን ግን የምትሸከመው የሠራተኛዋ ክንድ ናት። ለፍርፋሪና ለጥቂት አቧራ ደግሞ መካከለኛ ጉልበትና የ10 ደቂቃ ባትሪ ይበቃል።

ስለዚህ መራጩ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። ዕቃው በሚይዘው ሰው እጅ ይቀላልን? ማጣሪያው ወጥቶ በቀላሉ ይታጠባልን? የጤፍ ዱቄትን የመሰለ ደቃቅ ነገር ቶሎ ይደፍነዋልና፤ ከታጠበም በኋላ ፈጽሞ ሳይደርቅ መመለስ የለበትም። ባትሪው ሲያረጅ ይለወጣልን? ካልተለወጠ ደህናው ሞተር አብሮ ይጣላል። ከአሜሪካ በዘመድ የተላከ ከሆነም ኃይል መሙያው ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ እንዳይሆን ያስፈልጋል፤ የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነውና፣ ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ያለበትን መምረጥ ይሻላል። ትኩስ አመድና የከሰል ፍም በማናቸውም ቫኪዩም አይነሣም፤ ለውኃ ባልተሠራውም ውኃ አይመጠጥም። ይህንን ለምትሠራው ሰው በትዕግሥት ማስረዳት የገዢው ግዴታ ነው፤ ሳያስተምሩ ሰጥቶ፣ ሲበላሽ መቆጣት ፍትሕ አይደለም።

«ታዲያ ወዳጅህ ምን በደለ? አሳቡ ቅን አልነበረምን?» የሚል ይኖራል። አሳቡስ ቅን ነበር። ሆኖም ቅን አሳብ ብቻውን የሌላውን ድካም አያውቅም፤ ድካሙን የሚያውቀው ደካሚው ነው። ሳንጠይቅ ስንሰጥ ለሰውየው ሳይሆን እኛ ስለ እርሱ ላሰብነው አሳብ እንሰጣለን። ስጦታው ሳይሠራበት ሲቀርም ምስጋና እንደ ተነፈገን ይሰማናል፤ የተነፈገችው ግን ቀድሞ መጠየቅ የነበረባት እርሷ ናት።

ወዳጄ በኋላ ሠራተኛይቱን ይዞ ወደ ሱቅ ሄደ። እርሷም ሁለት ሦስቱን በእጇ አንሥታ መዘነች፤ ከሁሉ ትንሹንና ርካሹን መረጠች። ለግቢው ደግሞ ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያ እንዲገዛላት ለመነችው። ወገቧን ከዓመታት በፊት ጀምሮ ያመማት እንደ ነበር ያወቀው ያን ዕለት ነው። በአንድ ቤት አብረው ሲኖሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር።